ራውቱ ከየት መጣ?

ጅማ የመንገድ መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ በሰርቦና በሶኮሩ አልፎ፣ የጊቤን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ፣ በወልቂጤ በኩል አዲስ አበባ ይገባል። ሌላው በአጋሮ በኩል ወደ በደሌና መቱ ያቀናል። ሦስተኛው በሸቤ አድርጎ ወደ ቦንጋና ሚዛን ተፈሪ ይዘልቃል፤ ወደ ሊሙ ገነት የሚወስደውም አለ። በቡና ወራት፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ እሸትና ጀንፈል የጫኑ መኪኖች በእነዚህ መንገዶች ላይ ሲመላለሱ ይከርማሉ። ፋይበርም አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ተከታይ ነው፤ ወይ ከአስፋልቱ ዳር ይቀበራል፣ ወይ ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር አየር ላይ ይዘረጋል። የሰብሳቢው የባንክ ሂሳብ፣ የአቅራቢው የቴሌብር ክፍያ፣ የምርት ገበያው የዕለት ዋጋ የሚያልፈው በእሱ ውስጥ ነው።

ይህ ሲቋረጥ በባንክ መስኮት የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ሲስተም የለም»። ከመልሱ ጀርባ ያለው ምክንያት ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። አብዛኛው ለማየት አያስቸግርም። ቁፋሮ ፋይበሩን በጥሶታል፣ መብራት ጠፍቶ ባትሪው አልቋል፣ ጀነሬተሩ ነዳጅ ጨርሷል። ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ ቡድን ይላካል፣ ፋይበሩ ይቀጠላል። እዚህ የምናስተዋውቀው ሌላውን ዓይነት ነው። ሁሉም መብራት አረንጓዴ፣ ሁሉም ሊንክ «አፕ» ሆኖ ሳለ አጋሮ ከአዲስ አበባ የማትገኝበትን፤ ወይም ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት የሚጠፋበትን፣ ማንም ምንም ሳይነካ ደግሞ ማታ የሚመለስበትን። እንዲህ ያለው ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሁለት የራውቲንግ ፕሮቶኮሎች በሚዋሰኑበት ራውተር ላይ ነው። በዚያ ራውተር ላይ የሚሠራው ሥራ ሪዲስትሪቢዩሽን ይባላል።

የራውተር ዋና ሥራ የመጣለትን ፓኬት መድረሻ አይቶ ቀጥሎ ለየትኛው ራውተር እንደሚያስረክበው መወሰን ነው። የሚወስነው ከራውቲንግ ሰንጠረዡ አንብቦ ነው። ሰንጠረዡን ሰው በእጁ ሊሞላው ይችላል፤ ይህ ስታቲክ ራውት ነው፣ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ላለው ድርጅትም ይበቃል። በመቶ የሚቆጠሩ ከተሞችን ለሚያገናኝ ግን ራውተሮቹ እርስ በርስ እየተነጋገሩ ሰንጠረዡን ራሳቸው ሊሞሉት ይገባል። የሚነጋገሩበት ደንብ ነው ራውቲንግ ፕሮቶኮል።

ችግሩ ደንቦቹ ብዙ ናቸው፤ ርቀትንም እያንዳንዱ በራሱ መለኪያ ይለካል። አሮጌው ሪፕ በመንገድ ያሉትን ራውተሮች ይቆጥራል፤ 15 ላይ ያቆማል፣ 16 ለእሱ «አይደረስም» ማለት ነው። ኦኤስፒኤፍ የሊንኩን ፍጥነት ወደ ዋጋ ይለውጣል፤ በብዙ ራውተሮች ላይ መነሻው 100 ሜጋቢት ስለሆነ፣ አስተካካይ ካልነካው 1 ጊጋቢትና 10 ጊጋቢት ሊንክ በእሱ ዓይን እኩል ናቸው። አይኤስ-አይኤስ ለማንኛውም ሊንክ 10 ብሎ መጀመር ይወዳል። የሲስኮው ኢአይጂአርፒ የሊንኩን አቅምና መዘግየት አደባልቆ ሚሊዮን ሊሞላ የሚችል ቁጥር ያወጣል። ቢጂፒ ደግሞ በኪሎ ሜትርም በፍጥነትም ግድ የለውም፤ በዋናነት የሚያየው ራውቱ በየትኞቹ ድርጅቶች ኔትወርክ አልፎ እንደመጣ ነው፤ ለዚህም እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ቁጥር አለው። የኢትዮ ቴሌኮም 24757 ነው።

አንዱን መርጦ በእሱ ብቻ መኖር ለምን አይቻልም? በትልቅ አገልግሎት ሰጪ ቤት አይቻልም። የመላው ዓለም የኢንተርኔት ራውት አንድ ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። ያን ያህል መሸከም የሚችለው ቢጂፒ ነው። ቢጂፒ ግን የራሱን ቤት ውስጠኛ መንገድ ለማወቅ ኦኤስፒኤፍን ወይም አይኤስ-አይኤስን ይፈልጋል፤ እነዚህ ፋይበር ሲበጠስ ፈጥነው መንገድ ይቀይራሉና። ደንበኛው ደግሞ የራሱን ይዞ ይመጣል። ከዓመታት በፊት ሲስኮ የገዛ ባንክ በኢአይጂአርፒ ይኖራል፣ ሌላው በኦኤስፒኤፍ፣ ትንሹ መሥሪያ ቤት በስታቲክ። ሁሉም ጅማ ላይ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ይገናኛሉ።

የእኛ አገር ታሪክም ነገሩን አወሳስቦታል። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመላ አገሪቱ ማስፋፊያ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ለቻይናው ዜድቲኢ ተሰጠ። በ2005 ዓ.ም. ቀጣዩ ዙር በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ለሁዋዌና ለዜድቲኢ ተከፈለ፤ ቆይቶም ከዜድቲኢ ድርሻ የተወሰነው ወደ ስዊድኑ ኤሪክሰን ዞረ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም በይፋ ሥራ ሲጀምር በአገሪቱ ሁለተኛ ኦፕሬተር ተጨመረ። የባንኮቹና የመሥሪያ ቤቶቹ ሲስኮ በዚህ ሁሉ ላይ አለ። ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ የተለያየ ፋብሪካ ራውተር ማግኘት እዚህ አገር የተለመደ ነገር ነው፤ ይህ ለምን እንደሚከብድ በኋላ እንደርስበታለን።

ሪዲስትሪቢዩሽን ማለት ሁለቱንም ፕሮቶኮል የሚያውቅ የድንበር ራውተር በአንዱ የሰማውን ራውት በሌላው ማሰማቱ ነው። ትዕዛዙ ከአንድ መስመር አይበልጥም። ጣጣው ራውቱ ድንበሩን ሲሻገር የሚጥለው ነገር መኖሩ ነው፤ የሚጥለውም መነሻውን ነው።

የጅማ ሰው ይህን ከቡናው ያውቀዋል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን መቀበል ሲጀምር፣ የአንድ ጣቢያ ቡና መጋዘን ገብቶ ከደረጃ መሰሉ ጋር ይቀላቀል ነበር። ከዚያ በኋላ የሚታወቀው አካባቢውና ደረጃው ብቻ ነበር። ከጎማ ይምጣ ከጌራ፣ ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደወጣ የሚናገር አልነበረም። ልዩ ጣዕም የሚፈልጉ የውጭ ገዢዎች በዚህ አጥብቀው አማረሩ፤ በኋላ በየጆንያው ላይ መለያ ታግ እየታሰረ መነሻው የሚታወቅበት የክትትል ሥርዓት መጣ። ራውትም ድንበር ላይ የሚደርስበት ይኸው ነው። በኢአይጂአርፒ ዝርዝር ልኬት ይዞ የመጣው ወደ ኦኤስፒኤፍ ሲገባ፣ በሲስኮ ራውተር ላይ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ቁጥሩ ተፍቆ 20 ይጻፍበታል፤ ያ 20 ደግሞ ጅማ ላይም መቱ ላይም ያው 20 ነው፣ በመንገድ አይጨምርም። ራውቱ የአንድ ኪሎ ሜትር ይሁን የመቶ፣ ከማን አፍ እንደወጣ፣ በስንት እጅ እንዳለፈ ከድንበሩ ማዶ ያለው ራውተር አያውቅም።

መለኪያዎቹ ስለማይነጻጸሩ አንድ ራውተር ስለ አንድ አድራሻ ከሁለት ፕሮቶኮሎች ሲሰማ የሚመርጠው በሌላ ነገር ነው፤ ለፕሮቶኮሉ ባለው እምነት። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቶታል፣ ትንሹ ያሸንፋል። በሲስኮ ስታቲክ 1፣ ከውጭ ድርጅት የመጣ ቢጂፒ 20፣ የኢአይጂአርፒ የውስጥ ራውት 90፣ ኦኤስፒኤፍ 110፣ አይኤስ-አይኤስ 115፣ ሪፕ 120፣ የኢአይጂአርፒ የውጭ ራውት 170፣ ከራስ ቤት የመጣ ቢጂፒ 200 ነው። በሁዋዌ ግን ሌላ ዓለም ነው። ኦኤስፒኤፍ 10፣ አይኤስ-አይኤስ 15፣ ስታቲክ 60፣ ኦኤስፒኤፍ ከውጭ የተቀበለው 150፣ ቢጂፒ 255። ቁጥሮቹን ረጋ ብሎ ላነበበ አደጋው ይታየዋል። ሲስኮ ላይ በእጅ የተጻፈ ስታቲክ ኦኤስፒኤፍን ያሸንፋል፤ ሁዋዌ ላይ በኦኤስፒኤፍ የውስጥ ራውት ይሸነፋል፣ ድንበር ተሻግሮ የመጣውን የኦኤስፒኤፍ ራውት ግን መልሶ ያሸንፋል። ሲስኮ ላይ ከሌላ ድርጅት የመጣ የቢጂፒ ራውት ከኦኤስፒኤፍ ይቀድማል፤ ሁዋዌ ላይ ከሁሉም ኋላ ይሰለፋል። የአንዱን ራውተር ኮንፊግ መስመር በመስመር ወደ ሌላው የገለበጠ ሰው ትዕዛዙን በትክክል ጽፎ ውጤቱን ተገልብጦ ሊያገኘው ይችላል። በእኔ አስተያየት የአገራችን ኔትወርክ ባለሙያ ከምንም በፊት በቃሉ ሊይዘው የሚገባው ይህን የቁጥር ዝርዝር ነው።

አሁን ነገሩን በጅማ መልክዓ ምድር ላይ እንዘርጋው። ምሳሌው የተፈጠረ ነው፤ የማንም ድርጅት ኔትወርክ ሥዕል አይደለም። አጋሮ ላይ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ አለ እንበል፣ አድራሻው 10.20.5.0/24። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ስለዚህ ሁለት መውጫ ተሰጥቷታል፤ አንዱ ቀርፋፋ ሊንክ ወደ ጅማ፣ ሌላው ቀርፋፋ ሊንክ ወደ በደሌ። ጅማና በደሌ ደግሞ በመካከላቸው ቀጥታ ሊንክ አላቸው። ይህ ሁሉ የቅርንጫፎች ኔትወርክ በኢአይጂአርፒ ይሠራል። ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ዋናው ኔትወርክ፣ ከጅማ በወልቂጤ፣ ከበደሌ በነቀምቴ፣ ኦኤስፒኤፍ ነው። ጅማና በደሌ ያሉት ሁለት ራውተሮች ድንበር ናቸው። ሁለቱም በሁለቱም አቅጣጫ ያሻግራሉ፤ አንዱ ቢቆረጥ ሌላው እንዲተካው።

የአጋሮው አድራሻ ወደ ኢአይጂአርፒ የገባው አጋሮ ላይ ከተጻፈ ስታቲክ ነው፤ ስለዚህ ከጅምሩ «የውጭ» ተብሎ 170 ተሰጥቶታል። ጅማ ሰምቶ ወደ ኦኤስፒኤፍ ያሻግረዋል። በደሌ አሁን ስለ አጋሮ ሁለት ነገር ሰማ። አንዱ በቀጥታ ከአጋሮ የመጣው፣ 170። ሌላው አዲስ አበባን ዞሮ በኦኤስፒኤፍ የመጣው፣ 110። ትንሹ ያሸንፋልና በደሌ ጎረቤቱ የሆነችውን አጋሮን ለማግኘት ፓኬቱን በነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በወልቂጤ ወደ ጅማ ይልካል። እስካሁን መንገዱ ረዘመ እንጂ አልተቋረጠም፤ ደንበኛው «ዛሬ ይጎተታል» ከማለት በቀር አይናገርም።

ቀጥሎ በደሌ በኦኤስፒኤፍ የሰማውን ይህንኑ ራውት መልሶ ወደ ኢአይጂአርፒ ያስገባዋል፤ ታዝዟልና። ሲያስገባው የሚለጥፍበት ልኬት ባለሙያው አንድ ቀን በእጁ የጻፈው ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመማሪያ መጽሐፍ የተገለበጠ፣ ፈጣን ሊንክ የሚመስል። ከአጋሮ እውነተኛ ቀርፋፋ ሊንክ የተሻለ ሆኖ ከታየ ጅማ ሐሳቡን ይቀይራል፤ «ወደ አጋሮ በበደሌ በኩል ይቀርባል» ይላል። ከዚህ በኋላ ጅማ ወደ በደሌ ይልካል፣ በደሌ በአዲስ አበባ አዙሮ ወደ ጅማ ይልካል። ጅማ አሁንም ራውቱን በኢአይጂአርፒ ስለያዘው ወደ ኦኤስፒኤፍ ማሻገሩን ይቀጥላል፣ በደሌም ማመኑን ይቀጥላል። ሁለቱ እርስ በርስ የሚደጋገፉ ምስክሮች ሆነዋል። የአጋሮው ራውተር ከሶኬት ቢነቀል እንኳ ራውቱ ከሰንጠረዥ ላይጠፋ ይችላል።

ጅማ ያለው ባለሙያ ስልክ ይደወልለታል። «ወንድሜ፣ እዚህ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው እኮ!» ይላል የቅርንጫፉ ሰው። እውነቱን ነው። ባለሙያው የአጋሮውን ራውተር የሊንክ አድራሻ ፒንግ ያደርጋል፣ ይመልስለታል፤ ቀጥታ ከእሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሰንጠረዡ አያሳስተውም። «ከእኔ በኩል ደህና ነው» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ብዙ ሰዓት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ የሊንኩ አድራሻና ከሊንኩ ማዶ ያለው የቅርንጫፍ አድራሻ ሁለት የተለያዩ ራውቶች መሆናቸው ሲዘነጋ። ከአዲስ አበባ ወደ ቅርንጫፉ አድራሻ ትሬስራውት ቢሠራ ነገሩ ወዲያው ይገለጣል። ወልቂጤ፣ ጅማ፣ በደሌ፣ ነቀምቴ፣ አዲስ አበባ፣ እንደገና ወልቂጤ፣ ጅማ፣ በደሌ እያለ 30ኛው መስመር ላይ ይቆማል። እያንዳንዱ ፓኬት ስንት ራውተር ማለፍ እንደሚችል የሚቆጥር ቁጥር ስላለው ነው እንጂ ሲሽከረከር በኖረ።

መድኃኒቱ ታግ ነው። ጅማ ራውቱን ወደ ኦኤስፒኤፍ ሲያሻግር 100 ብሎ መለያ ያስርበታል፤ ቁጥሩ ምንም ቢሆን ግድ የለም፣ ሁለቱ ድንበሮች ይስማሙበት እንጂ። በደሌ ላይ ደግሞ «ታጉ 100 የሆነ ራውት ወደ ኢአይጂአርፒ አይመለስ» ይባላል። ለተቃራኒው አቅጣጫ ሌላ ቁጥር ተሰጥቶ እንዲሁ ይደረጋል። ፓኬቱ የሚሽከረከርበት ሉፕ ይቆማል። ግን ልብ በሉ፣ የበደሌው ዙሪያ ጥምጥም አልተነካም፤ 110 አሁንም ከ170 ያንሳል። እሱን ለማቅናት ድንበሮቹ ላይ ኦኤስፒኤፍ ከውጭ ለተቀበላቸው ራውቶች የሚሰጠው የእምነት ቁጥር ከ170 በላይ ከፍ ይደረጋል። ለሁሉም ራውት ከፍ ያደረገው ሰው ግን ሌላ ጉድ ይገጥመዋል። በዚያ ጊዜ በደሌ የዋናውን ኔትወርክ የውጭ ራውቶች ከራሱ ኦኤስፒኤፍ ይልቅ ጅማ ወደ ኢአይጂአርፒ ባስገባቸው በኩል ማመን ይጀምራል፤ ችግሩ ፊቱን አዙሮ ይመለሳል። ከፍ የሚደረገው ለቅርንጫፎቹ አድራሻዎች ብቻ ተለይቶ ነው።

ታግና ፊልተር የተዘነጉበት ድንበር አንድ ቅርንጫፍ ብቻ አይደለም የሚያጠፋው። ሚያዝያ 17 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ኢንተርኔት ኢትዮጵያ በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ አሜሪካ ያለ፣ ቁጥሩ 7007 የሆነ አንድ አነስተኛ ኔትወርክ የሌሎችን ራውቶች ወደ ትናንሽ ቆራርጦና ያለፉበትን መንገድ አጥፍቶ «መነሻቸው እኔ ነኝ» ብሎ ለዓለም መልሶ አወጀ። ራውተር ሁልጊዜ ይበልጥ ጠባብ የሆነውን አድራሻ ስለሚመርጥ የዓለም ትራፊክ ወደዚያች ትንሽ ኔትወርክ ፈሰሰ። የካቲት 16 ቀን 2000 ዓ.ም. ደግሞ ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ሊዘጋ ያዘጋጀው ራውት ከድንበሩ አምልጦ በሆንግ ኮንጉ ፒሲሲደብልዩ በኩል ለዓለም ተሰማ፤ ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ያህል ከብዙው ዓለም ተሰወረ። ያ ራውት ከፓኪስታን እንዳይወጣ የሚከለክል አንድ ፊልተር ቢኖር፣ ወይም ፒሲሲደብልዩ የማያውቀውን ባይቀበል፣ ነገሩ እዚያው ቀርቶ ነበር።

ለአገልግሎት ሰጪዎች ከሁሉም የሚበልጠው ትምህርት ግን የካናዳው ኦፕሬተር ሮጀርስ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ንጋት ላይ የኔትወርኩ ማሻሻያ ሥራ በሚካሄድበት ጊዜ ከማከፋፈያ ራውተሮች ላይ አንድ ፊልተር ተነሳ። ፊልተሩ ከዋናው ኔትወርክ አስቀርቶ የነበረው የራውት ጎርፍ ተለቀቀ፤ ዋናዎቹ ራውተሮች ሊሸከሙት አልቻሉም፣ ወደቁ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ስልክም ኢንተርኔትም አጡ፤ ለአንድ ሙሉ ቀንና ከዚያም በላይ። ከሁሉ የሚገርመው የጥገናው ነገር ነው። ራውተሮቹን ከሩቅ የሚቆጣጠሩበት መንገድ በወደቀው ኔትወርክ ላይ ይሄድ ስለነበር መሐንዲሶቹ ራውተሮቻቸውን ማግኘት ተሳናቸው፤ የገዛ ስልካቸውም የሮጀርስ ስለነበረ እርስ በርስ መደዋወል አልቻሉም። ይህን ያነበበ የጅማ ባለሙያ ኪሱ ውስጥ የሌላውን ኦፕሬተር ሲም ካርድ ቢይዝ አይፈረድበትም።

ወደ ፍለጋው እንመለስ። ጥሩ መርማሪ ሁሉንም ቅርንጫፍ አያሳድድም፤ አንድ አድራሻ ይመርጣል፣ ለምሳሌ 10.20.5.10ን፣ እሱንም ከጠፋበት ራውተር ተነስቶ ወደ መነሻው ይከተለዋል። በመጨረሻ የታየበትንና መጀመሪያ የጠፋበትን ሁለት ራውተሮች ሲያገኝ ሥራው ተጋመሰ። ድንበር ራውተሩ ላይ ሲደርስ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ራውቱ በፕሮቶኮሉ ማኅደር ውስጥ አለ ወይ የሚል መሆን የለበትም፤ በራውቲንግ ሰንጠረዡ ውስጥ በዚያ ፕሮቶኮል ስም ተመዝግቧል ወይ ነው። ልዩነቱ ብዙዎችን አስመሽቷል። ኦኤስፒኤፍ ራውቱን አሳምሮ ሊያውቀው ይችላል፤ ግን ከዓመታት በፊት የሆነ ሰው ለጊዜው ብሎ የጻፈው ስታቲክ 1 ይዞ ቦታውን ከወሰደ፣ ኦኤስፒኤፍን አሻግር የሚለው ትዕዛዝ የሚያሻግረው ነገር የለውም። ስህተት የሚል መልእክትም አይወጣም።

ዝምታ የዚህ ሥራ ትልቁ ጠላት ነው። ወደ ኢአይጂአርፒ ወይም ወደ ሪፕ ከሌላ ፕሮቶኮል ሲሻገር መነሻ ልኬት ካልተጻፈለት ሲስኮ ራውቱን «አይደረስም» ብሎ ይቆጥረዋል፣ በዝምታ። በቆዩት የሲስኮ ራውተሮች ወደ ኦኤስፒኤፍ ሲሻገር «ሰብኔትስ» የምትለዋ ቃል ከተረሳች፣ በፈረንጆቹ 1993 የተተወውን የአሮጌ አድራሻ ክፍፍል ተከትሎ ሙሉ ኔትወርኮችን ብቻ ያሻግራል፤ 10.20.5.0/24 እዚያው ይቀራል፣ ይህም በዝምታ። ፊልተር የተጻፈበትም እንዲሁ ነው። ከመጨረሻው መስመር በታች ያልተጻፈ «ሌላው ሁሉ ይከልከል» አለ። አዲስ ቅርንጫፍ ሊሙ ገነት ላይ ተከፍቶ አድራሻው በፊልተሩ ዝርዝር ካልተጨመረ፣ ከተማው ሁሉ ሲሠራ እሱ ብቻ ጨለማ ነው።

ከእነዚህ የሚሰወረው ሌላ አለ። ኦኤስፒኤፍ ከውጭ የመጣ ራውትን ሲያስተዋውቅ አንዳንዴ «ፓኬቱን ለዚህ አድራሻ ስጡት» የሚል የማስተላለፊያ አድራሻ አብሮ ይጽፋል። ሩቅ ያለው ራውተር ያን አድራሻ ራሱን በኦኤስፒኤፍ ውስጥ ካላገኘው ራውቱን ሰምቶት እያለ ሰንጠረዡ ላይ አያወጣውም። ማኅደሩ ውስጥ አለ፣ ሰንጠረዡ ላይ የለም፤ አዲስ መሐንዲስ ራውተሩ ተበላሽቷል ብሎ ሊያስነሳው ይነሳል። የመመለሻውን መንገድም አትርሱ። ፒንግ ሄዶ መምጣት ነው። ከአጋሮ ወደ አዲስ አበባ ያለው ራውት ሙሉ ሆኖ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አጋሮ የሚመልሰው ከተቆረጠ፣ አጋሮ ላይ የሚታየው መቆራረጡ ብቻ ነው፤ በየትኛው በኩል እንደሆነ ከዚያ አይታወቅም።

ነገሩ አንዴ እየሠራ አንዴ ከጠፋ ደግሞ የራውቱን ዕድሜ ማየት ነው። ሰንጠረዡ ከእያንዳንዱ ራውት አጠገብ መቼ እንደገባ ይጽፋል። ሁሉም ሦስት ሳምንት፣ አምስት ሳምንት ሲሉ አንዱ 12 ሰከንድ ካለ፣ ትንሽ ቆይቶ ሲታይም እንደገና 4 ሰከንድ ከሆነ፣ ሁለት ፕሮቶኮሎች እየተቀማሙት ነው። ምንጩን እያየ ደጋግሞ የሚመዘግብ ሰው አንዴ ከጅማ፣ አንዴ ከበደሌ ሲመጣ ያገኘዋል።

በአገልግሎት ሰጪ ቤት ውስጥ ራሱ ፕሮቶኮሉ ያዘጋጀው አንድ ብልሃትም አለ፣ ብልሃቱ ግን አንዳንዴ ራሱ እንቆቅልሽ ይሆናል። ባንኩ ቅርንጫፎቹን ለማገናኘት ከኦፕሬተሩ ቪፒኤን ሲገዛ፣ የባንኩ ኦኤስፒኤፍ ኦፕሬተሩ ዳር ላይ ወደ ቢጂፒ ይሻገራል፣ በአገሪቱ ይጓዛል፣ በሌላው ጫፍ ከቢጂፒ ወደ ኦኤስፒኤፍ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ድንበር ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2006 የወጣው ደንብ ለዚህ መፍትሔ አበጀ፤ የኦፕሬተሩ ራውተር ለደንበኛው በሚሰጠው ራውት ላይ አንዲት ቢት ያነሳል፣ ሌላ የኦፕሬተር ራውተር ያችን ቢት ያየበትን ራውት ከደንበኛው መልሶ ቢሰማ ችላ ይለዋል። ሉፑ በር ላይ ይቀራል። እንቆቅልሹ የሚመጣው ደንበኛው በገዛ ራውተሩ ላይ ኔትወርኩን በቪአርኤፍ፣ ማለትም በተለያዩ የራውቲንግ ሰንጠረዦች፣ ሲከፋፍል ነው። ራውተሩ ራሱን የኦፕሬተር ዳር አድርጎ ይቆጥርና ያችን ቢት አይቶ ራውቱን ይጥለዋል። ኦፕሬተሩ «ልኬያለሁ» ይላል፣ ባንኩ «አልደረሰኝም» ይላል፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሲስኮ ላይ «እኔ ደንበኛ ነኝ፣ ቢቷን አትመልከት» የሚል አንድ መስመር ክርክሩን ይጨርሰዋል፤ መስመሩን ከማወቅ በፊት ግን ብዙ ደብዳቤ ሊጻጻፍ ይችላል።

ይህን ሁሉ በደንበኛ ኔትወርክ ላይ መለማመድ አይገባም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርናው ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲመሠረት ይህን ለመለማመድ ውድ ራውተሮች ያስፈልጉ ነበር። ዛሬ በኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚማር የቴክኖሎጂ ተማሪ ጂኤንኤስ3ን በላፕቶፑ ላይ ጭኖ፣ ነፃ የሆነውን ኤፍአርአር አስገብቶ፣ ጅማን፣ በደሌን፣ ነቀምቴንና አዲስ አበባን በአንድ ማታ ሊያቆማቸው፣ በኦኤስፒኤፍና በሪፕ ሊያዋስናቸው ይችላል። ሉፑን ሆን ብሎ ፈጥሮ ያየ ሰው ሌላ ጊዜ በትሬስራውቱ ይለየዋል።

የተስተካከለ ድንበር ግን ገና አልተፈተነም። ብዙዎች የጅማውን ሊንክ ዘግተው በደሌ መተካቱን ያዩና ሥራው አለቀ ብለው ይወጣሉ። የሁለት ድንበር ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሊንኩ ሲቆረጥ አይደለም፤ ተቆርጦ የቆየው ሲመለስ ነው። በዚያች ቅጽበት ማን መጀመሪያ ሰማ፣ ማን መጀመሪያ አሻገረ የሚለው ቅደም ተከተል ከመጀመሪያው ቀን የተለየ ይሆናል፤ በመጀመሪያ ያልታየ ሉፕ ያን ጊዜ ይፈጠራል። ስለዚህ ጅማ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ከዚያ በደሌ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ከእያንዳንዱ በኋላ የ10.20.5.0/24 ምንጭ፣ ታግና ዕድሜ በሁለቱም ድንበር ላይ ይመዘገባል። ሥራው የሚያዘው ሌሊት ነው፣ ቢቻል ደግሞ የእሸት ቡና ግዢ ከመጀመሩ በፊት፣ በነሐሴ።